ዝቅተኛ የድጋፍ ግንብ ላለው የአዳማ ጓሮ ተክል ስለመምረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዳማ ዙሪያዋን ኮረብታ የከበባት ከተማ በመሆኗ፣ በተዳፋቱ በኩል የተሠሩ ብዙ ቤቶች ጓሯቸው የተደላደለው በድንጋይ ወይም በብሎኬት በተገነባ ዝቅተኛ የድጋፍ ግንብ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎችና መልሶች ግንባቸው ከአንድ ሜትር የማይበልጥ፣ ስፋታቸውም አነስተኛ የሆኑ ጓሮዎችን የሚመለከቱ ናቸው። ከዚያ ከፍ ያለ ግንብ ያለው ሰው ስለ ተክል ከማሰቡ በፊት መሐንዲስ ቢያማክር ይሻላል።

ችግኝ ከመግዛቴ በፊት መጀመሪያ ምን ልመልከት?

የዝናብ ውሃ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ይመልከቱ። በሐምሌ ወር ከባድ ዝናብ ሲጥል ጓሮውን ለሩብ ሰዓት ያህል በጥሞና ያየ ሰው፣ የትኛው ጥግ ውሃ እንደሚያቁር፣ የትኛው ቦታ አፈሩ እንደሚታጠብና ጎርፉ ግንቡን በየት በኩል እንደሚዘልለው ይረዳል። ወሩ በጋ ከሆነ ከላይ በኩል በጎማ ውሃ በመልቀቅ ተመሳሳይ ፍተሻ ማድረግ ይቻላል።

ቀጥሎ የሚታየው ፀሐይ ነው። ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ ግንብ ከሰዓት በኋላ ያለውን ሙቀት በድንጋዩ ውስጥ አምቆ እስከ ምሽት ስለሚተፋው፣ በአጠገቡ ያለው አየር ከቀሪው ጓሮ ይበልጥ ይሞቃል፤ ወደ ምሥራቅ የዞረው ግን ከቀትር በኋላ ጥላ ይሆናል። በአንድ ጓሮ ውስጥ የሚገኙ ሁለት ግንቦች ፈጽሞ የተለያየ ተክል የሚፈልጉበት ምክንያት ይህ ነው።

ከነዚህ ሁለት ነገሮች ተነሥተን ጓሮውን በሦስት ብንከፍለው ምርጫው ይቀላል። ከግንቡ በላይ ያለው ጠርዝ ውሃው በፍጥነት ወደ ታች ስለሚወርድበትና በጎኑም ሙቀት ስለሚገባው ቀድሞ የሚደርቅ ቦታ ነው። የግንቡ ሥር ደግሞ ከላይ የሰረገውን ውሃ የሚቀበል፣ እርጥበቱ የሚቆይ ቦታ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ሜዳ ጥልቅ አፈር የሚገኝበትና ከፍ ያለ ተክል መያዝ የሚችለው ክፍል ነው። በእኔ ግምት በአዳማ ጓሮዎች ከሚደርቁት ችግኞች የሚበዙት በአበባቸው ውበት ተመርጠው ከነዚህ ሦስት ቦታዎች በማይስማማቸው ላይ የተተከሉት ናቸው።

የአዳማ አፈር ለጓሮ አትክልት ይሆናል?

ይሆናል፤ ነገር ግን ሁለት ዓይነት አፈር መኖሩን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የስምጥ ሸለቆው የተፈጥሮ አፈር ሲሆን፣ ከእሳተ ገሞራ አመድና ከፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) የተገኘ፣ ቀላልና አሸዋማ ነው። ሥር በቀላሉ ይገባበታል፣ ውሃም አይቋጥርም። ጉድለቱ ብስባሽ የሆነ ነገር ስለሚያንሰው እርጥበት አለመያዙ፣ በጎርፍ በቀላሉ መታጠቡና ብዙ ጊዜ ወደ አልካላይነት (የአሲድነት ተቃራኒ) ማዘንበሉ ነው።

ሁለተኛው ከግንቡ ጀርባ የተሞላው ነው፤ እርሱን አፈር ማለት ብዙ ጊዜ ያስቸግራል። ግንበኞች ቦታውን የሚሞሉት ባገኙት ነገር ስለሆነ ገረጋንቲ፣ ሰሌክት፣ የብሎኬት ስብርባሪ፣ የደረቀ ቡኮና የሲሚንቶ ከረጢት ሳይቀር ይገኝበታል። የሲሚንቶ ቅሪት ኖራ ስለሚለቅ፣ ቀድሞውኑ አልካላይ የሆነውን አፈር ያባብሰዋል። የጽጌረዳና የሎሚ ቅጠል ጅማቶቹ አረንጓዴ እንደሆኑ በመካከላቸው ያለው ቢጫ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ተክሉ በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር መውሰድ ስለሚያቅተው ነው፤ በዚህ ጊዜ ውሃ መጨመር አይፈውሰውም።

ስለዚህ ከመትከልዎ በፊት 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው ምን እንደሚወጣ ይዩ። ጉድጓዱን በውሃ ሞልተው ይተዉትና፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከሰረገ ጥሩ ነው፤ እስከ ማግሥቱ ከቆየ ከታች የተጠቀጠቀ ነገር አለ ማለት ነው። ስብርባሪው ተለቅሞ ወጥቶ፣ ለሦስት እጅ አፈር አንድ እጅ ያህል ኮምፖስት ወይም በሚገባ የበሰበሰ ፍግ ቢደባለቅበት ለአብዛኛው ተክል ይበቃል። ትኩስ ፍግ ሥር ስለሚያቃጥል መጠቀም አይገባም። የአፈሩ ጥልቀት ለቅመማ ቅመምና ለሰላጣ ከ20 እስከ 30፣ ለቁጥቋጦ ከ45 እስከ 60፣ ለአነስተኛ ፍራፍሬ ደግሞ ከ80 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ቢሆን ይመረጣል።

የተክል ሥር ግንቡን ያፈርሰዋል ወይስ ይደግፈዋል?

ሁለቱም ይደርሳል፤ ሆኖም ዝቅተኛ ግንቦችን በብዛት የሚያዘምመው ሥር ሳይሆን ከጀርባቸው የተጠራቀመ ውሃ ነው። ውሃ የጠገበ አፈር ከደረቁ ይልቅ እጅግ ከባድ በመሆኑ፣ መውጫ ያላገኘው ውሃም በራሱ ስለሚገፋ፣ ግንቡ በክረምት መሐሉ ይነፋል ወይም ወደ ፊት ያዘነብላል። ግንቡ ሥሩ አካባቢ በየአንድ ሜትር ተኩል ወይም በየሁለት ሜትር የውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ሊኖረው፣ ከጀርባውም ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጠጠር ወይም የቀይ አሽ ንብርብር ሊኖር ይገባል። በጠጠሩና በአፈሩ መካከል ውሃ የሚያሳልፍ ጨርቅ ቢገባ አፈሩ ታጥቦ ቀዳዳውን አይደፍነውም። ቀዳዳ የሌለው ግንብ ያለው ሰው ለችግኝ የሚያወጣውን ገንዘብ በቅድሚያ ቀዳዳ ለማስበሳት ቢያውለው የተሻለ ነው።

ሥርን በተመለከተ፣ ቀጭንና ጥቅጥቅ ያለ ሥር አፈሩን አስሮ ይይዛል፤ ጠጅ ሳር፣ ቬቲቨር የተባለው ረዥም ሣርና የሥጋ መጥበሻ የዚህ ዓይነት ናቸው። እያደገ የሚወፍር የዛፍ ሥር ግን መጀመሪያ እንደ ክር ቀጥኖ በስንጥቅ ይገባና በዓመታት ውስጥ እየወፈረ ድንጋዩን ከድንጋይ ይለያያል። ሥሩ ወደ ስንጥቁ የሚሄደው እርጥበት ፍለጋ ስለሆነ፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በግንቡ አጠገብ ካለ አደጋው ይጨምራል።

ከግንቡ በላይ ባለው ደረቅ ጠርዝ ላይ ምን ልትከል?

ለዚህ ቦታ ከሁሉ የምመርጠው የሥጋ መጥበሻን ነው። ሙሉ ፀሐይ፣ ቀላል አፈርና አልካላይነት የሚስማማው፣ ነፋስ የማይበግረው፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሆነ ቁጥቋጦ ነው። ከጠርዙ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ከተተከለ ቅርንጫፎቹ የግንቡን ራስ ይሸፍናሉ፣ ለወጥ ቤትም ያገለግላል። የሚገድለው ነገር ቢኖር በየቀኑ ውሃ ማጠጣት ነው።

እሬት ለዚሁ ቦታ የተፈጠረ ያህል ነው፤ ጥልቅ አፈር አይፈልግም፣ በበጋ በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ ቢጠጣ ይበቃዋል። ኮሰረትም ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብሎ፣ የተሻለ አፈር ባለበት ሥፍራ በደንብ ይበቅላል። ጤና አዳም ውሃ የማያቁርበትን ፀሐያማ ቦታ ስለሚወድ እዚህ ተስማሚው ነው፤ ይሁን እንጂ ፈሳሹ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቆጣና ውሃ ሊቋጥር ስለሚችል፣ ሲቆርጡ ጓንት ማድረግ ወይም ምሽትን መምረጥ ይገባል። ወደ ታች የሚንዠረገግ ነገር የሚፈልግ ሰው ስኳር ድንች ይትከል፤ ሐረጉ ግንቡን በአጭር ጊዜ ያለብሰዋል፣ ቅጠሉም አፈሩን ከጠራራ ፀሐይ ይጋርደዋል፣ ከታችም የሚበላ ያወጣል። የሚያሳዝነው ድንቹን ለመቆፈር ጠርዙን መነካካት ግድ ስለሚሆን፣ የሚቆፈረውን ረድፍ ከግንቡ ወደ ኋላ መለስ አድርጎ መትከል ያሻል።

ቡገንቪሊያ ብዙ ሰው የሚጠይቅበት ተክል ነው። የአዳማን ሙቀትና ድርቀት ይወዳል፤ እንዲያውም ውሃ ሲበዛበት ቅጠል ያበዛና አበባ ይነፍጋል። ነገር ግን ጠንካራ፣ እሾኻምና ብዙ ቦታ የሚይዝ በመሆኑ ከግንቡ ቢያንስ አንድ ሜትር ርቆ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚገርዘው ሰው ባለበት ግቢ ብቻ ይተከል። ሥሩ መነካት ስለማይወድ ከፕላስቲኩ ሲወጣ አፈሩ እንዳይፈርስ ጥንቃቄ ይደረግለት።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ብዙዎች ከሰሜንና ከመሐል ደጋ ያመጡትን ጦስኝ በዚህ ጠርዝ ላይ ለመትከል ይሞክራሉ። የእኛ ጦስኝ ከ2200 ሜትር በላይ የሚበቅል የደጋ ተክል ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1600 እስከ 1700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ሙቀቱ አይስማማውም።

ከግንቡ ሥር፣ እርጥበት በሚቆይበት ቦታስ?

ናና፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን፣ በተለይ ግንቡ ከቀትር በኋላ ጥላ የሚሰጥ ከሆነ፣ እዚህ ይመቻቸዋል። ናና ከመሬት በታች እየተሳበ ሁሉን ስለሚወርር ሥሩ በተነደለ ባልዲ ውስጥ ተተክሎ ባልዲው ቢቀበር ይሻላል። ዳማ ከሴም በከፊል ጥላ ቢሆን አይከፋውም። ቡና ለመትከል የሚፈልግ ሰው ካለ ከጓሮው ሁሉ የተሻለው ቦታ ይኸው ነው፤ ሆኖም ቡና የሚስማማው ዝናብ ከ1500 ሚሊ ሜትር ጀምሮ ሲሆን የአዳማ ዓመታዊ ዝናብ ግን ከ800 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት እግር ቡና ለዓይንና ለአበባው መዓዛ ከሆነ እሰየው፤ ለስኒ ከሆነ ግን የውሃው ወጪ ይታሰብ።

በዚህ ቦታ እሬትን፣ ጤና አዳምንና የሥጋ መጥበሻን መትከል አይገባም፤ በክረምት ሥራቸው ይበሰብሳል። የማስወጫ ቀዳዳዎቹ ፊት ለፊት ያለው ቦታም ክፍት ሆኖ መቅረት አለበት።

የፍራፍሬ ዛፍ መትከል እችላለሁ? ማንጎና አቮካዶስ?

የአዳማ አየር ለፍራፍሬ የተመቸ ነው። በላይኛው አዋሽ ለረጅም ዘመን ብርቱካን ሲመረት ኖሯል፣ በባቱ ዙሪያም የወይን እርሻ አለ። ጥያቄው ያለው በአየሩ ላይ ሳይሆን በቦታው ጥበት ላይ ነው፤ ሰው ዛፍ ሲገዛ የሚያየው በእጁ የያዘውን የአንድ ክንድ ችግኝ እንጂ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚሆነውን አይደለምና።

ማንጎ ካልተገረዘ ከአሥር ሜትር በላይ ይረዝማል፤ አቮካዶም እንዲሁ። የተዳቀለው ችግኝ ከዘር ከበቀለው ያጥራል፣ ፈጥኖም ያፈራል፤ ቢሆንም በየዓመቱ ካልተገረዘ ለትንሽ ጓሮ ይበዛል። አቮካዶ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት፦ ሥሩ አየር የሚፈልግና ጨው የማይችል በመሆኑ፣ በአንድ በኩል በሲሚንቶ ኖራ፣ በሌላ በኩል በጉድጓድ ውሃ ሲጎዳ ይታያል። ጓሮው ጠባብ ከሆነ ሁለቱንም ባይተክሉ ይሻላል የሚል አቋም አለኝ፤ ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኝ ፍሬን ለማግኘት ሲባል የጓሮን ብርሃን ሁሉ ለአንድ ዛፍ መስጠት አይመከርም።

ለትንሽ ጓሮ ግንባር ቀደሙ ሮማን ነው። ድርቀትን፣ ሙቀትንና አልካላይ አፈርን ይችላል፣ በመግረዝ ሁለት ሜትር ላይ ሊያዝ ይችላል፣ አበባውም ፍሬውም ያምራል። ከግንቡ በአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ቢተከል አያሳስብም። ሎሚ ሁለት ሜትር ያህል ርቀት ይሰጠው፤ ቅጠሉ ቢጫ እንዳይሆን በየክረምቱ መግቢያ ኮምፖስት ይጨመርለት። ዘይቱን ጠንካራና በሁሉም አፈር የሚበቅል ቢሆንም፣ የወደቀው ፍሬ በየቀኑ ካልተለቀመ የፍራፍሬ ዝንብ መራቢያ ይሆናል። ጊሽጣ ዝግ ብሎ የሚያድግ፣ ሦስት ሜትር ገደማ ላይ ሊያዝ የሚችል መልካም ዛፍ ነው።

ፓፓያ ለብቻው መነሣት አለበት። ሥሩ ለስላሳ በመሆኑ ግንብ አይሰብርም፣ ከተተከለ ከዘጠኝ ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ማፍራት ይጀምራል፣ ቦታም አያጣብብም። ነገር ግን ውሃ ለሁለት ቀን ከሥሩ ከቆመበት ሊሞት ይችላል፤ ስለዚህ ከግንቡ ሥር ሳይሆን ከላይ በኩል፣ ከነፋስ በተከለለ ጥግ ይተከል። ከዘር የበቀለ ፓፓያ ወንዴ፣ ሴቴ ወይም ሁለቱንም የያዘ ሊሆን ስለሚችል በአንድ ጉድጓድ ሦስት ችግኝ ተክሎ አበባ ሲያወጡ የሚያፈራውን አስቀርቶ ሌላውን መንቀል የተለመደ ዘዴ ነው።

ወይን ደግሞ ወደ ላይ እንጂ ወደ ጎን ቦታ ስለማይፈልግ፣ በብረት ወይም በእንጨት ዳስ ላይ ወጥቶ መቀመጫውን ያጠላል። ዳሱ ግንቡን ሳይደገፍ በራሱ ቋሚ ላይ መቆም ይኖርበታል።

ከግንብ አጠገብ ፈጽሞ መተከል የሌለባቸው የትኞቹ ናቸው?

ወርካ፣ ሾላ እና በአበባ መሸጫ በየስማቸው የሚቀርቡ የፋይከስ ዘመዶቻቸው ሁሉ፤ ባሕር ዛፍ፤ ግራቪሊያ፤ ጃካራንዳ፤ የድሬዳዋ ዛፍ። የመጨረሻው በአበባው ወራት መንገድ ሲያስውብ አይቶ የማይመኘው የለም፤ ሥሩ ግን ከመሬት ወለል በታች ጥቂት ብቻ ገብቶ ወደ ጎን ሩቅ የሚሄድ ስለሆነ ሴራሚክና ግንብ ያነሣል። ቦታው ሰፊ አደባባይና የመንገድ ዳር ነው። ኒምም ድርቅ የሚችልና ጥላው የሚወደድ ዛፍ ቢሆንም ለትንሽ ጓሮ ትልቅ ነው።

ከትናንሾቹ ውስጥ የወፍ ቆሎን አስወግዱ፤ አበባው ቢያምርም ወፎች ዘሩን እየበተኑት ግጦሽና ማሳ የሚወርር መጤ ተክል ነው። ሰርዶን ለሣር ሜዳ መጠቀም ይቻላል፤ ብቻ ወደ ግንቡ ራስ ሲደርስ በድንጋዩ መጋጠሚያ ውስጥ ስለሚገባና ከዚያ ማውጣት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ በሣሩና በግንቡ መካከል አንድ ክንድ ስፋት ያለው የጠጠር መስመር ይተው።

ሽፈራው ለጓሮ ጥሩ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ቅጠሉ እንደ ጎመን የሚበላ፣ ድርቅ የሚቋቋምና በፍጥነት የሚያድግ በመሆኑ የተባለው እውነት ነው። ግንዱ ግን ተሰባሪ ስለሆነ በአዳማ ነፋስ ረዥም ሆኖ መተው የለበትም። ከግንቡ ሁለት ሜትር አርቀው ይትከሉትና አንድ ሜትር ተኩል ላይ በየጊዜው ይቁረጡት፤ እንዲህ ሲደረግ ቁጥቋጦ ሆኖ ለእጅ በሚመች ከፍታ ቅጠል ይሰጣል።

ነፋሱ ተክሎቼን ያደርቅብኛል። ምን ይሻላል?

የአዳማ ነፋስ ለኤሌክትሪክ ኃይል የበቃ ነው፤ ከከተማዋ ዳር የሚታዩት የአዳማ 1 እና የአዳማ 2 የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በአንድነት 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም እንዲኖራቸው ተደርገው የተተከሉት ለዚህ ነው። በተለይ በበጋው ወራት ደረቁ ነፋስ ቅጠል ከሥሩ ከሚያገኘው በላይ ውሃ እንዲያጣ ያደርገዋል። ከግንብ በላይ ያለ ተክል ከፍ ስላለ በይበልጥ ይጋለጣል።

ሰዎች በዚህ ጊዜ የብሎኬት አጥር ከፍ ለማድረግ ያስባሉ። ድፍን አጥር ነፋሱን ወደ ላይ አንሥቶ ከኋላው አዙሮ ስለሚጥለው ብዙም አይጠቅምም፤ በዝቅተኛ የድጋፍ ግንብ ላይ ብሎኬት መደርደር ደግሞ ላልታሰበለት ሸክም መዳረግ ነው። ነፋሱን አጣርቶ የሚያሳልፍ ሕያው አጥር ይበልጣል። አንድ ሜትር ተኩል ላይ የተከረከመ የሮማን ወይም የጌሾ ረድፍ፣ ቦታ ሲጠብ የጠጅ ሳር ረድፍ ይበቃል። ከላይ ከጎረቤት በኩል ጎርፍ የሚመጣባቸው ጓሮዎች ቬቲቨርን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር እያራራቁ በአንድ መስመር ቢተክሉ፣ ቅጠሉ ነፋሱን ሲያበርድ፣ ወደ ታች ሦስት ሜትር ያህል የሚወርደው ሥሩ አፈሩን ይይዛል፤ በዘር ስለማይራባም ጓሮ አይወርርም።

አትክልት ለምግብ ማምረት እፈልጋለሁ። የት ልጀምር?

ከወጥ ቤት በር አቅራቢያ ካለው ግንብ ይጀምሩ፤ የራቀ መደብ ይረሳል። በወገብ ከፍታ ያለ መደብ ሳይጎነበሱ የሚሠሩበት ስለሆነ ዝቅተኛ ግንብ ለአትክልት እንቅፋት ሳይሆን ጸጋ ነው። ቃሪያ፣ በሶብላና ሚጥሚጣ በላይኛው መደብ በፀሐይ ይበቅላሉ። ቲማቲምን በክረምት ከመትከል መቆጠብ ብልህነት ነው፤ እርጥብ ቅጠል ለዋግ መሰል በሽታ ስለሚጋለጥ ብዙ ልፋት ጥቂት ፍሬ ያስገኛል። ከመስከረም በኋላ በመስኖ የተተከለው ይሻላል። ከአዳማ ብዙም የማይርቀው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ለእንዲህ ያለው ቆላማ አየር የተስማሙ ዝርያዎችን ሲያወጣ የቆየ ሲሆን፣ መልካ ሾላ የተባለው ቲማቲምና አዳማ ሬድ የተባለው ሽንኩርት ከነዚሁ መካከል ናቸው። ዘር ሲገዙ በስሙ መጠየቅ ነው።

መቼ ልትከል? በበጋስ እንዴት ላጠጣ?

ዛፍና ቁጥቋጦ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ይተከል። ዓላማው በጥቅምት ደረቁ ነፋስ ሲጀምር ሥሩ ቀድሞ እንዲሰድ ነው። በነሐሴ መጨረሻ የተተከለ ችግኝ ሦስት ሳምንት ዝናብ አግኝቶ ለድርቅ ይጋለጣል። የበልጉ ዝናብ ስለማያስተማምን በእርሱ ተማምኖ መትከል አይገባም።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጥያቄው ስንት ጊዜ ሳይሆን ስንት ሊትር ነው። በየቀኑ ላይ ላዩን መርጨት ሥሩን ወደ ወለል ስለሚስበው ተክሉን ለሙቀት ያጋልጠዋል፤ ለአንድ ወጣት ዛፍ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከ15 እስከ 20 ሊትር በዝግታ ማፍሰስ የበለጠ ይጠቅማል። ሸክላ እንስራ ወይም ማሰሮ እስከ አፉ ተቀብሮ ቢሞላ ውሃውን ቀስ በቀስ በጎኑ ለሥሩ ያደርሰዋል። ከአምስት እስከ ስምንት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የደረቅ ሣር ጉዝጓዝ ትነቱን ይቀንሳል፤ ምስጥ ባለበት ግቢ ግን ጉዝጓዙ ከግንዱ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ወይም በሣሩ ፋንታ ቀይ አሽ ይነጠፍ።

የጣራ ውሃም አይናቅ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው፤ ስለዚህ 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ የሚፈሰው አንድ ሺህ ሊትር፣ ማለትም አንድ መካከለኛ ሮቶ ይሞላል። ይህ ውሃ ወደ ሮቶ ባይገባ የሚሄደው ወደ ግንቡ ጀርባ መሆኑን ስናስብ ጥቅሙ እጥፍ ነው።

የጉድጓድ ውሃና የእጥበት ውሃ ተክል ይጎዳል?

በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድና ሶዲየም እንደሚበዛበት የታወቀ ነው፤ የጥርስ መበለዝ ምክንያቱም ፍሎራይዱ ነው። ከተክሎች ድራሴና የተባለው የጌጥ ተክል የቅጠሉን ጫፍ በማጠውለግ ቀድሞ ያሳያል። እንዲህ ያለ ውሃ ብቻ ያለው ሰው ሮማንን፣ እሬትንና ቡገንቪሊያን ቢመርጥ፣ በክረምትም ዝናቡ አፈሩን አጥቦ ጨው እንዲያወርድ የማስወጫ ቀዳዳዎቹ ክፍት መሆናቸውን ቢያረጋግጥ ይበጀዋል። ለልብስ የዋለ የሳሙና ውሃ በረኪና ካልገባበት ለዛፍና ለአበባ በየተራ ሊውል ይችላል፤ ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣና ለቅመም ግን አይሁን።

ትናንሽ ልጆች አሉን። የትኛውን ተክል እንፍራ?

ኦሊያንደር የተባለው የአበባ ቁጥቋጦ ከቅጠል እስከ አበባ መርዛማ ነው። የጉሎ ፍሬ ለልጅ እጅ የሚማርክ ቢሆንም ሲታኘክ አደገኛ ነው። ቅንጭብና ቁልቋል ሲቆረጡ የሚወጣቸው ነጭ ፈሳሽ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል፤ ለአጥር ብሎ የተከለ ሰው በጓሮው ውስጥ ሳይሆን ከግቢው ውጭ ባለው ዳር ይያዘው። እሾኻሞቹ ቡገንቪሊያና ሎሚ ደግሞ ልጆች በሚሮጡበት በኩል ባይሆኑ መልካም ነው።

በሶብላና ጠጅ ሳር ከተከልኩ ትንኝ አይመጣም?

ተክሉ ቆሞ በማደጉ ብቻ ትንኝ አያባርርም። ወባ ባለበት አካባቢ የሚረዳው የአበባ ማሰሮ ሥር ባለው ሳህን፣ በተጣለ ጎማና ክዳን በሌለው በርሜል ውስጥ ውሃ እንዳይቆም በየሳምንቱ መድፋት ነው።

ችግኝ ስመርጥ በምን ልለየው?

ረዥሙን ሳይሆን ግንዱ የወፈረውንና ቅጠሉ ከታች ጀምሮ የሞላውን ይውሰዱ። ፕላስቲኩን ከሥር አይተው ሥሩ ወጥቶ መሬት የያዘ ወይም ውስጡን ዙሪያውን የተጠመጠመ ከሆነ ይተዉት፤ የተጠመጠመ ሥር ከተተከለ በኋላም መዞሩን አይተውምና ዛፉ በነፋስ በቀላሉ ይገነደሳል። የቅጠሉን ጀርባ ገልብጠው ክሽክሽ ወይም ቀይ ሸረሪት እንደሌለበት ያረጋግጡ። በጥላ ቤት ያደገ ችግኝ ገዝተው ከሆነ ወዲያውኑ በምዕራብ ግንብ ላይ አይትከሉት፤ በመጀመሪያ የጧት ፀሐይ ብቻ በሚያገኝበት ቦታ ለአንድ ሳምንት ያህል ያቆዩት፤ ከዚያም ፀሐይ በረድ ሲል፣ ማታ ላይ ይትከሉትና ያጠጡት።